ከ10 ሦስት የሰጠኋት ልጅ፦ ስለ "ተሳትፎ" ነጥብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት
እንዲሁም በየክፍሉ ማርክ ሊስት ለምትሞሉ የሙያ ባልደረቦቼ

ጉዳዩ፦ ዝምተኛ ተማሪዎችና "የክፍል ተሳትፎ" የሚባለው ነጥብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ስለ ደሞዝ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለ ክፍል ጥበት ብዙ ተብሏል። እኔም ብያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ማርክ ሊስት ላይ ስላለች አንዲት ጠባብ ዓምድ ነው። "ተሳትፎ" ትባላለች። እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ከ10 ትያዛለች። ትንሽ ነጥብ ትመስላለች። ነገር ግን በዚህች ዓምድ ልጅ በድያለሁ።

ልጅቷ 11ኛ ክፍል ነበረች። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ እጇን ስታወጣ አላየሁም። ስሟን ጠርቼ ስጠይቃት ትነሳለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። "ቁጭ በይ" ብዬ ወደ ሌላው አልፋለሁ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተሳትፎ ከ10 ሦስት ሰጠኋት። እጄ እንኳ አልከበደኝም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ደብተር ሰብስቤ ሳርም የሷን ከኋላ በኩል ገለጥኩት። ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት በእርሳስ ተጽፎበታል። በየቀኑ ክፍል ውስጥ የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ከነቀናቸው ተመዝግበዋል። ከሥራቸው መልሳቸው አለ። ማንም ሳይመልሳቸው እኔው መልሼ ያለፍኳቸው ሳይቀሩ አሉ። አንዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ስለ ደም ሳስተምር፣ ሰው ከቆላ ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲወጣ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ቀይ የደም ሴሎቹ ይበዛሉ ብዬ ነበር። እሷ ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ "እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰውስ? እሱም እንደ እንግዳው ነው ወይስ ሰውነቱ ለምዶታል?"

መልሱን አላውቀውም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግኩ። በስሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አገኘሁ። የነዚያ ሰዎች ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ መጠኑ በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ልጅቷ በእርሳስ የጻፈችው፣ ተመራማሪዎች ያን ሁሉ ተራራ የወጡለትን ጥያቄ ነበር። እኔ ከ10 ሦስት የሰጠሁት ለዚህ ጭንቅላት ነው።

እናቷን አስጠራሁ። ጥፋት ያለ መስሏቸው ደንግጠው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ግን ክፍል ውስጥ አትናገርም" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ "መምህር፣ እኔ እኮ ነኝ። ትልቅ ሰው ፊት አፏን እንዳትከፍት፣ ዓይን ዓይን እንዳታይ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ጨዋ ትሁንልኝ ብዬ። አጠፋሁ እንዴ?" አሉኝ።

አላጠፉም። ቤት ውስጥ ያስመሰገናት ጠባይ ነው ክፍል ውስጥ ነጥብ ያስቆረጣት። ዳኛው ሲቀየር ፍርዱ ተቀየረ እንጂ ልጅቷ ያው ናት።

ስለ ጠባይ ትንሽ ልበል። አሁን ተማሪዎቻችን በስልካቸው የሚቀባበሏቸው "ኢንትሮቨርት" እና "ኤክስትሮቨርት" የሚሉ ቃላት ወደ ሰፊው ሕዝብ የወጡት ካርል ዩንግ በተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921። ኢንትሮቨርቱ ጉልበቱን የሚያገኘው ወደ ውስጡ ሲመለስ ነው፣ ኤክስትሮቨርቱ ከሰው ጋር ሲሆን። ነገሩ ከጥዋቱ የሚጀምር ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን እያጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አዲስ ድምፅና አዲስ ነገር ሲቀርብለት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚወራጭና እንደሚያለቅስ አየ። ከነዚህ ብዙዎቹ ሲያድጉ ረጋ ያሉ፣ እንግዳ ሰው ፊት ቁጥብ ሆኑ። ስለዚህ በማርክ ሊስት የምንቀጣው፣ በከፊልም ቢሆን፣ ልጁ ገና አፍ ሳይፈታ ይዞት የነበረውን ነገር ነው።

ጠባዩ ቢወለድም ዋጋውን የሚተምነው አገር ነው። ይህን በደንብ ያሳየኝ በሻንጋይና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ። ካናዳ ውስጥ ዓይን አፋርና ቁጥብ ልጅ በእኩዮቹ ይገፋ ነበር። ሻንጋይ ውስጥ ግን ያው ጠባይ ያለው ልጅ ይወደዳል፣ መምህራኑም ያከብሩታል። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ተመራማሪዎቹ ወደ ሻንጋይ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1990፣ በ1998 እና በ2002 በትምህርት ላይ የነበሩ ልጆችን አነጻጸሩ። በ1990 የተወደደው ቁጥብ ልጅ በ2002 የሚገለልና የሚከፋው ልጅ ሆኖ ተገኘ። በመሐል ገበያው ተከፍቷል፣ ውድድር መጥቷል፣ ራስን መሸጥ ሙያ ሆኗል። ከተማው ያው፣ ቋንቋው ያው፣ የልጆቹም ጠባይ ያው። በ12 ዓመት የተቀየረው ሚዛኑ ነው።

ይህን ሳነብ የራሳችን ቃላት ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት። እናቴ አንዱን ዝምተኛ ልጅ "ጭምት ነው" ብላ ታመሰግነው ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ያንኑ ዓይነት ልጅ "ደባሪ" ይሉታል። "ፈታ በል እንጂ!" ይሉታል። ድሮ "ዓይናውጣ" ተብላ የምትሰደበዋ ልጅ ደግሞ ዛሬ "ኮንፊደንስ አላት" ትባላለች። በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። መጥፎ ነው አልልም፤ ዓይናውጣ ስንላቸው ከኖርናቸው ሴቶች ብዙዎቹ መብታቸውን የጠየቁ ናቸው። ግን ቤት በአንዱ ሚዛን፣ ትምህርት ቤት በሌላው እየመዘነ፣ ልጁ መሐል ላይ ሲንገላታ ቢያንስ እኛ መምህራን ልናውቀው ይገባል።

የአሜሪካን ምሳሌ ልጨምር፤ ከሁሉም ይልቅ ለእኔ ያስተማረኝ እሱ ነውና። ኦሪገን በሚባለው ግዛት ዋርም ስፕሪንግስ የሚባል የቀደምት ነዋሪዎች ክልል አለ። የዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ አይናገሩም ነበር። ለመምህራኑ ልጆቹ ሰነፎች ወይም ፈሪዎች መስለዋቸዋል። ሱዛን ፊሊፕስ የተባለች ተመራማሪ ተቀምጣ አየቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው ጽሑፍ ያለችው ይህ ነው፦ ልጆቹ ዝም የሚሉት አንዱ ተነጥሎ በሁሉም ፊት እንዲናገር ሲታዘዝ ነው። መምህሩ ዴስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ለብቻ ሲያነጋግራቸው ይናገራሉ፤ ይጠይቃሉም። በትንሽ ቡድን ራሳቸው የሚመሩትን ሥራ ሲሠሩ ከሌሎቹ ልጆች የተሻለ ይግባባሉ። ለምን? ቤታቸው ትምህርት የሚቀሰመው በማየት ነው። ልጁ ያያል፣ ለብቻው ይሞክራል፣ መቻሉን ሲያውቅ ብቻ ሰው ፊት ያሳያል። "ሳታውቀው ተናገር፣ ስትሳሳት እናርምሃለን" የሚለው ሥርዓት ለነሱ ውርደት ነው።

የኔዋ ልጅ በእርሳስ የጻፈችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እርሳስ ይጠፋል። አፍ የተናገረው ግን አይጠፋም።

ወገኖቻችንም ይህን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1984ና 85፣ ከዚያም በ1991 በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆቻቸውን ድምፅ ዝቅ፣ ዓይን ዝቅ አድርገው እንዲያድጉ አስተምረዋል። የገቡበት አገር ደግሞ "ዱግሪ" የሚባል ነገር አለው፤ ሳያድበሰብሱ ፊት ለፊት መናገር ማለት ነው፣ እንደ ቅንነት ይቆጠራል። የልጆቹ ጨዋነት ብዙ ጊዜ እንደ አለማወቅ ተነበበ። ያንን በደል ከሩቅ ሆነን ስንሰማ እናዝናለን። በየክፍላችን ግን እኛው እንደግመዋለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ አስተምሬ ለውይይት የሚተርፈኝ ጥሩ ቀን ከሆነ 15 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። ለአንድ ልጅ 15 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። በ15 ሰከንድ ማን ይናገራል? ጥያቄው ሳያልቅ እጁ አየር ላይ ያለ ልጅ። ስለዚህ "ተሳትፎ" ብለን የምንመዘግበው የአምስት ወይም የስድስት ልጆችን ፍጥነት ነው። የቀሩትን 50 ልጆች የምንሞላው በግምት ነው። መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው መልካም ነገሮች አንዱ ተማሪ ተኮር ማስተማርና ተከታታይ ምዘና ነው። እኔ የዚያ ሐሳብ ተቃዋሚ አይደለሁም። ልጅ ሸምድዶ ከሚወጣ ራሱ ቢሠራ ይሻላል። ችግሩ "ንቁ ተማሪ" የሚለውን "የሚናገር ተማሪ" ብለን መተርጎማችን ነው። አንድ ለአምስት ሲመጣም ያው ሆነ። ቡድን አዋቀርን፤ አንዱ መሪ ያወራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ። ዝምተኛው ልጅ ከ60 ሰው ፊት አምልጦ ስድስት ሰው ውስጥ ጠፋ።

ሁሉም ሰው እየተናገረ ያስባል ማለትም ስህተት ነው። ሂጁንግ ኪም የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ሥራ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ተማሪዎችን የማሰብ ችሎታ ጥያቄዎች እየሠሩ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገች። ዘራቸው ከአውሮፓ የሆኑት ብዙም አልተነኩም። ዘራቸው ከምሥራቅ እስያ የሆኑት ግን ውጤታቸው ወረደ። ዝም ብለው ሲሠሩ ደህና ነበሩ። ማውራቱ ራሱ ሸክም ሆነባቸው።

ይህን ለማወቅ ግን ውጭ አገር መሄድም አያስፈልገንም። ቅኔ ቤት አለን። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ጉባኤ ተነሥቶ ቆጠራ ይወጣል። ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ሸማውን ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል። ማንም "ምን ሆንክ?" አይለውም። ማንም ዝምታውን እንደ ስንፍና አያይበትም። ቃሉን ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ቤቱን ይመታል። ከዚያ ወደ የኔታ ገብቶ ነገራ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፣ ይመልሱታል፣ እንደገና ይወጣል። በመጨረሻም በማኅሌት፣ በሕዝብ ፊት ይዘርፈዋል። ሁለት መስመር ጉባኤ ቃና እንኳ በዚህ መንገድ ነው የምትወለደው። ዝምታው ለመናገር ማዘጋጃ ነው። እኛ ዘመናዊ ተማሪ ቤት ውስጥ ቆጠራውን ዘልለን ዘረፋ እንጠይቃለን። ያውም በ15 ሰከንድ።

ነገር ግን ባህላችን ሁሉ ለዝምተኛ ምቹ ነው ብዬ አላሞግስም። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ዘንድ ዝም ማለት ይፈቀዳል፣ ለብቻ መሆን ግን አይፈቀድም። አሜሪካ ውስጥ ልጅ በሩን ዘግቶ ክፍሉ ውስጥ ቢውል ማንም አይገረምም፤ ስብሰባ ላይ ዝም ካለ ግን ይጠረጠራል። ፊንላንዶች ሁለቱንም ይፈቅዳሉ፤ "መናገር ብር ነው፣ ዝምታ ወርቅ ነው" ይላሉ፣ አጠገብህ ተቀምጠውም ዝም ቢሉ አያፍሩም። የእኛ ደግሞ የራሱ ነው። ቡና ላይ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ችግር የለም፤ ከቡናው ብትቀር ግን ጉዳይ ነው። ለቅሶ ቤት ቃል ሳትተነፍስ ብትውል ተመስግነህ ትወጣለህ። ካልሄድክ ግን አትረሳም። "ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት ከክፍል ሳይወጣ ቢያነብ "አመመህ እንዴ? ማን አስቀየመህ?" ይባላል። እኛ መምህራንም እንለዋለን፤ ከአሳቢነት ነው። ለብቻው ተቀምጦ ኃይሉን የሚሰበስብ ልጅ እንዳለ ግን አላስተማሩንም። ማሠልጠኛ ተቋማት፣ ይህን እናንተ ልታስተምሩልን ትችላላችሁ።

ተናጋሪውም ልጅ ተበድሏል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ልጅ ነበረኝ፤ አፉ አያርፍም። ቤት "ለፍላፊ" እየተባለ ይኮረኮማል፣ እኛ ጋ "ረባሽ" እየተባለ ከክፍል ይወጣል። ሐሳቡ የሚጠራለት ግን ሲያወራ ነው። አጠገቡ ላለው ልጅ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ከኔ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ነበር የሚያስረዳው። ከዚያ በኋላ ለደከሙ ልጆች አስረጂ አደረግኩት።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝምታ ሁሉ ጠባይ አይደለም። ብዙ ቦታ 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲከራከር የነበረ ልጅ በአንድ ክረምት ዲዳ ይሆናል። ያ ኢንትሮቨርት መሆን አይደለም፤ ቋንቋ ነው። ተስቆበት የሚያውቅ ልጅ ዝም ይላል፤ ያ ፍርሃት ነው። ቤት ውስጥ በደል የሚደርስባት ልጅም ዝም ትላለች። "ጠባይዋ ነው" ብለን ብንተዋት ሌላ ጥፋት ነው። ከ10 የሚሰጠው ቁጥር እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ "3" ይላቸዋል። በዚህ የተነሳ ነው ቁጥሩን የምጠላው፤ ልጁን እንዳይ አይረዳኝም።

ተማሪዎቻችን መናገር አይማሩ ማለቴም አይደለም። ነገ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲፌንስ አለ። "ዝም አይነቅዝም" ያለ ሕዝብ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል"ም ብሏል። መናገር ግን እንደ ዋና ይማሩታል እንጂ ገደል ላይ አይገፈተሩበትም።

ከዚህ በታች ያለው ልመናዬ ነው። ሚኒስቴሩና ቢሮዎቹ በተከታታይ ምዘና ላይ የምታወጡት መመሪያ ተሳትፎ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። በወረቀት የቀረበ ጥያቄ ይቆጠር። የተሳለ ዲያግራም፣ ለጓደኛ የተደረገ ማብራሪያ፣ በቤተ ሙከራ የሠራ እጅ ይቆጠር። ይህን መመዝገብ ካልቻልን ደግሞ፣ በ58 ተማሪ ክፍል ብዙ ጊዜ አንችልም፣ ነጥቡ ይቅርና ለፈተናውና ለፕሮጀክቱ ይጨመር። ማሠልጠኛዎች በጠባይ፣ በአስተዳደግ፣ በቋንቋና በፍርሃት የሚመጣውን ዝምታ እንዴት እንደምንለይ አንድ ኮርስ ውስጥ አስገቡልን። ትንሽ ምዕራፍ ትበቃለች።

ባልደረቦቼ ግን መመሪያ አንጠብቅ። እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የማደርገው ቀላል ነው። ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ ሁለት ደቂቃ ማንም እጅ አያወጣም። ሁሉም ይጽፋል። ከዚያ ከጎኑ ላለው ልጅ ያነብለታል። ከዚያ ብቻ እጅ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ፈጣኖቹ ልጆች ተቁነጠነጡ፣ አንዱ "ቲቸር፣ ጊዜ አቃጠልን" አለኝ። በሦስተኛው ወር እጅ የሚያወጡት አምስት ብቻ አልነበሩም። በሩ ጋ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳትል አነበበች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አላቋረጥኳትም፣ "ጮክ በይ" አላልኳትም።

የመስኮቷ ልጅ ጨርሳ ወጥታለች። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ "ምንም አይደል ቲቸር" አለችኝ። ሦስቱን ግን ማረም አልቻልኩም፤ ሮስተሩ ተዘግቶ ነበር።

የዘንድሮውን ማርክ ሊስት የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የ58ቱን ልጆች ፈተና አርሜ ሞልቻለሁ። "ተሳትፎ" የምትለው ዓምድ ባዶ ናት። ምን ልጻፍባት? መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር
አዲስ አበባ